«ተይዟል» ያለው ማን ነው? ያለ ጥያቄ ቤት መያዝ፣ የአከራይ ፈቃድና የአማርኛ ግሦች

አኅጽሮት

ለአጭር ጊዜ የሚከራዩ መኖሪያ ቤቶችን የሚያገበያዩ የኢንተርኔት መድረኮች ለአከራዩ ሁለት መንገድ ያቀርባሉ። በአንደኛው እንግዳው ይጠይቃል፣ አከራዩም መርምሮ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። በሁለተኛው እንግዳው ቀኑን መርጦ በከፈለበት ቅጽበት ቤቱ የእርሱ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የፍጥነት ሳይሆን የንግግር ተራ ልዩነት መሆኑን ያስረዳል፤ ሁለተኛው መንገድ ጥያቄን ያስቀራል እንጂ ፈቃድን አያስቀርም፣ ፈቃዱ ቀድሞ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያደርጋል። ይህ ለውጥ በአማርኛ ግሦች እንዴት እንደሚገለጥ፣ የት ላይም እንደሚደበዝዝ ከአፋን ኦሮሞ፣ ከትግርኛና ከስዋሂሊ ጋር እየተነጻጸረ ቀርቧል። በመጨረሻም ለስያሜና ለመልእክት አጻጻፍ የሚረዱ ሐሳቦች ተሰንዝረዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ የንግግር ተራ፣ ፈቃድ፣ አስደራጊና ተደራጊ ግሥ፣ እንግዳ፣ ኪራይ፣ የቃላት ስያሜ

1. መግቢያ

የራስን መኖሪያ ቤት ወይም ከመኖሪያ ቤት አንዱን ክፍል ለጥቂት ሌሊት ማከራየት አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር አከራይና እንግዳ ሳይተያዩ፣ አንዳንዴም ቃል ሳይለዋወጡ ውሉ መጠናቀቁ ነው። ቀድሞ ደላላ፣ ዘመድ ወይም የስልክ ጥሪ የነበረበትን ቦታ ዛሬ በስልክ መስኮት ላይ ያለ አንድ አዝራር ተክቶታል። በአዝራሩ ላይ የተጻፈው ቃል ውል የሚያስር ቃል በመሆኑ የሥነ ልሳን ባለሙያን ይመለከተዋል።

እንግሊዝ አገር ያስተማረው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1962 በታተመው ሥራው፣ አንዳንድ ዐረፍተ ነገሮች ድርጊትን የሚገልጹ ሳይሆኑ ራሳቸው ድርጊት መሆናቸውን አሳይቷል። «ፈቅጃለሁ» የሚል ሰው ስለ ፈቃድ አይተርክም፤ ይፈቅዳል። ኢማኑኤል ሼግሎፍና ሃርቪ ሳክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጽሑፍ ንግግር በጥንድ ተራዎች እንደሚሄድ አስረድተዋል፦ ጥያቄ መልስን፣ ግብዣ መቀበልን ወይም አለመቀበልን ይጠራል፤ ሁለተኛው ተራ ሳይመጣ ሲቀር መቅረቱ ራሱ ትርጉም ይኖረዋል። የቤት ኪራይ መድረኮች ያመጡት ጥያቄ ከእነዚህ ሁለት ሐሳቦች አንጻር ሲታይ ይጠራል። የፈቃድ ድርጊት መቼ ተፈጸመ? የፈጸመውስ ማን ነው?

2. የሁለቱ መንገዶች አሠራር

እ.ኤ.አ. በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ኤርቢኤንቢ ሁለቱንም መንገድ ለአከራዮች ያቀርባል። በጥያቄ መንገድ እንግዳው ቀኑንና የሰዎቹን ቁጥር ጠቅሶ ጥያቄ ይልካል፤ አከራዩ ለመመለስ 24 ሰዓት አለው፤ ካልመለሰ ጥያቄው ጊዜው ያልፍበታል። ያለ ጥያቄ በሚያዝበት መንገድ ግን በቀን መቁጠሪያው ላይ ክፍት ሆኖ የሚታይ ቀን ሁሉ ሁኔታዎቹን ላሟላ እንግዳ ወዲያው ይያዝለታል።

በዚህ በሁለተኛው መንገድ አከራዩ ሥልጣን የለውም ማለት አይደለም። ሥልጣኑ ያለው በቅድመ ሁኔታዎቹ ላይ ነው፦ የትኞቹ ቀናት ክፍት እንደሆኑ፣ እንግዳው ከመድረሱ ስንት ቀን አስቀድሞ መያዝ እንዳለበት፣ በአንድ እንግዳና በሚቀጥለው መካከል ለጽዳት ስንት ቀን እንደሚተው፣ ከስንት ሌሊት ማነስ ወይም መብለጥ እንደሌለበት፣ እንግዳው ከቀድሞ አከራዮች መልካም ምስክርነት ሊኖረው ይገባ እንደሆነ፣ የቤቱ ደንብ ምን እንደሚል። እነዚህን አከራዩ አስቀድሞ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ እንግዳ ለየብቻው አይወስንም።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ (1952 ዓ.ም.) ይህን ልዩነት ለመረዳት ይጠቅማል። በሕጉ አንቀጽ 1682 መሠረት ዝምታ በመርሕ ደረጃ እንደ መስማማት አይቆጠርም። ይኸው ሕግ የዋጋ ዝርዝር መለጠፍን ወይም ዕቃን ለሕዝብ ማሳየትን ውል ለመዋዋል እንደቀረበ ሐሳብ አያየውም። በጥያቄ መንገድ የሚወጣ የቤት ማስታወቂያ ከዚህ ዓይነቱ የዋጋ ዝርዝር ጋር ይመሳሰላል፤ የመዋዋልን ሐሳብ የሚያቀርበው እንግዳው ነው፣ የአከራዩም ዝምታ መከልከል ነው። ያለ ጥያቄ በሚያዝበት መንገድ ግን የማስታወቂያው ጠባይ ይለወጣል፤ ሐሳብ አቅራቢው አከራዩ፣ ተቀባዩ እንግዳው ይሆናል። ፎቶግራፉ፣ ዋጋውና መግለጫው አንድ ፊደል ሳይቀየር የንግግር ድርጊቱ ግን ሌላ ሆኗል።

3. የደጃፍ ልውውጥ

ለአካባቢው ቋንቋዎች ተናጋሪ ይህ ፈጽሞ እንግዳ የሆነ ነገር አይደለም። በአማርኛ ወግ የሰው ደጅ የደረሰ ሰው «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ «ደጆች!» ይሉታል። መንገደኛ ከመሸበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይገባል። በስዋሂሊ የሚመጣው ሰው «ሆዲ!» ይላል፣ የቤቱ ሰው «ካሪቡ» ይላል፤ «ካሪቡ» ሳይሰማ መግባት ነውር ነው።

በእነዚህ ልውውጦች ውስጥ ሁለት ነገሮች አብረው ይታያሉ። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው ማለት ይቻላል፤ የመሸበትን መንገደኛ መመለስ የሚያሳፍር ስለሆነ ፈቃዱ ገና ሳይጠየቅ በባህሉ ተሰጥቷል። ያም ሆኖ ጥያቄው አይቀርም። መልሱ የታወቀ ጥያቄ ለምን ይጠየቃል? ጥያቄው መረጃ ለማግኘት ሳይሆን የቤቱ ጌታ ማን እንደሆነ ለማወቅና ለማክበር ስለሚጠየቅ ነው። እንግዳው በመጠየቁ «ይህ ቤት የእናንተ ነው» ብሏል፤ ባለቤቱም በመመለሱ «አንተም ከእኛ ጥበቃ ሥር ነህ» ብሏል።

ስለዚህ ባህላዊው ሥርዓት ከሁለቱ የዘመኑ መንገዶች ለአንዱ ብቻ አያደላም። ፈቃዱ አስቀድሞ የተሰጠ በመሆኑ ያለ ጥያቄ ከሚያዝበት መንገድ ጋር ይመሳሰላል፤ ተራው ስለማይዘለል ደግሞ ከጥያቄው መንገድ ጋር ይመሳሰላል። አንዳንድ አከራዮች ያለ ጥያቄ መያዝን «ደጄን ሳያንኳኩ መግባት» አድርገው ሊያዩት የሚችሉትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅር የሚያሰኛቸው የፈቃዱ ማጣት ላይሆን ይችላል፣ የተራው መቅረት እንጂ።

የቃላቱ ሥር ራሱ በእንግድነትና በገበያ መካከል ያለውን ቅርበት ይመሰክራል። «ነገደ»፣ «ነጋዴ»፣ «እንግዳ» እና «አስተናገደ» የሚጋሩት ሥር «ን-ግ-ድ» ነው፤ በግዕዝም ሥሩ መጓዝንና መነገድን አብሮ ይይዛል። «እንግዳ» ተጠባቂውን ተጋባዥም፣ የማይታወቀውን ባዕድም ይጠራል፤ የስዋሂሊው «ምጌኒ» እና የትግርኛው «ጋሻ» እንዲሁ ናቸው። ያለ ጥያቄ የሚይዘው ሰው በዚህ ድርብ ትርጉም መካከል የቆመ ነው፦ የሚጠበቅ እንግዳ ነው፣ ግን አይታወቅም።

4. ማን ያዘ? ማን አስያዘ?

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቀምበት ዋና ግሥ «ያዘ» ነው። መነሻው በእጅ መጨበጥ ሲሆን ወደ ቦታና ጊዜ ተሸጋግሯል። አውቶቡስ ውስጥ «ወንበር ያዝልኝ» የሚል ሰው የሚለምነው በአካል የሚፈጸም ድርጊት ነው፤ ያዡ በቦታው አለ፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ቀድሞ መድረሱ ይበቃዋል። «አስ-» ሲጨመር «አስያዘ» ይሆንና ሌላ ተሳታፊ ይገባል፦ አስያዡ ሌላው እንዲይዝለት ያደርጋል። «ክፍል አስያዝኩ» ሲባል መዝገቡ ላይ የሚጽፍ፣ ቁልፉን የሚያስቀምጥ፣ ክፍሉን ለሌላ የማይሰጥ አንድ ያዥ አለ፤ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አይጠራም።

ያልተጠራው ያዥ ማን ነው? በጥያቄ መንገድ አከራዩ ነው። ያለ ጥያቄ በሚያዝበት መንገድ የኮምፒውተር ሥርዓቱ ነው። «ቤት አስያዝኩ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለሁለቱም ስለሚያገለግል የፈቃዱን ምንጭ ይሸፍናል። «ቤት ያዝኩ» ቢባል ግን ድርጊቱ በእንግዳው እጅ መጠናቀቁ ይገለጣል። የዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱን ቢያቀላቅልም፣ ስያሜ አውጪ ሊጠቀምበት የሚችል ልዩነት በግሡ ቅርጽ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል።

አፋን ኦሮሞ ይህን ልዩነት በምዕላድ ይበልጥ ያጎላዋል። «ቀበቹ» ለራስ መያዝ ሲሆን ድርጊቱ ለፈጻሚው ጥቅም መሆኑን ራሱ ቅርጹ ይናገራል፤ «ቀብሲሱ» ሌላውን ማስያዝ ነው። በኪራይም «ኪሬፈቹ» ለራስ መከራየት፣ «ኪሬሱ» ማከራየት ነው። ስዋሂሊ ሌላ መንገድ ይመርጣል፤ «ኩዌካ ናፋሲ» ቃል በቃል ቦታ ማስቀመጥ ሲሆን በውስጡ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ጥያቄው እንዲታይ ከተፈለገ «ኩኦምባ» የሚለው የመጠየቅ ግሥ መምጣት አለበት።

የኪራዩ ግሥ ራሱም እንዲሁ ያስተምራል። በስዋሂሊ መሠረታዊው «ኩፓንጋ» የተከራዩ ድርጊት ነው፤ አከራዩ በአስደራጊ ቅጥያ «ኩፓንጊሻ» ይሆናል። አማርኛ ግን መሠረታዊ ቅርጽ የለውም፤ «አከራየ» እና «ተከራየ» ሁለቱም የተመሠረቱ ናቸው፣ ትግርኛም «ኣካረየ» እና «ተኻረየ» እንደሚል። በተጨማሪም «ተከራየ» ሁለት ዓይነት የግሥ ባለቤት ይቀበላል። «ሰውየው ቤቱን ተከራየ» ሲባል ሰውየው ፈጻሚ ነው። «ቤቱ ተከራየ» ሲባል ግን ፈጻሚው ይጠፋል፤ ያከራየውም የተከራየውም አይታወቅም። ያለ ጥያቄ መያዝን በትክክል የሚገልጸው ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ አከራዩ ተኝቶ ሳለ ቤቱ ተከራይቶ ያድራል።

5. «ተቀብለናል» እና ሁለት ትርጉሙ

ለእንግዳው ከሁሉ በላይ አደገኛ የሆነው ግሥ «ተቀበለ» ነው። «ደብዳቤውን ተቀበለ» ማለት ደረሰው ማለት ነው፤ «ሐሳቡን ተቀበለ» ማለት ተስማማ ማለት ነው፤ «እንግዳውን ተቀበለ» ማለት ወጥቶ አስገባው ማለት ነው። «እንግዳ ተቀባይ» የሚለው ጥምር ቃል የሚያመሰግነው በዚህ በሦስተኛው ትርጉም ነው።

አሁን «ጥያቄዎን ተቀብለናል» የሚል መልእክት ለእንግዳ ይደርሰዋል እንበል። ጥያቄው ደረሰ ማለት ነው ወይስ ተፈቀደ? ዐረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ይሸከማል። ላኪው ደረሰኝ መስጠቱ ሊሆን ይችላል፤ ተቀባዩ ግን ቤት እንዳገኘ አምኖ ሌላ መፈለጉን ሊተው ይችላል። 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጥያቄው ጊዜው ሲያልፍበት ሰውየው ማደሪያ እንደሌለው የሚያውቀው ሻንጣውን ይዞ ከመንገድ ላይ ነው። ስዋሂሊ ለመድረስ «ኩፖኬያ»፣ ለመስማማት «ኩኩባሊ» የሚሉ ሁለት ግሦች ስላሉት ይህ አሻሚነት አያሰጋውም። አፋን ኦሮሞም እንግዳ መቀበልን «ሲመቹ» ብሎ፣ ሐሳብ መቀበልን ደግሞ «ፉደቹ» ብሎ ይለያል።

የአማርኛ መፍትሔ ሩቅ አይደለም። ለመድረስ «ጥያቄዎ ደርሷል፤ መልስ እስኪሰጥ ቤቱ አልተያዘም»፣ ለመስማማት «አከራይዋ ፈቅደዋል፤ ቤቱ ተይዞልዎታል» ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለው «-ልዎ» ትንሽ ቢመስልም ብዙ ይሠራል፤ «ተይዟል» ብቻ ሲባል ቤቱ በሌላ ሰው ተይዞ ለእንግዳው እንዳልተረፈ ሊነበብ ይችላልና። «ተይዟል» ለጠየቀው ሰው እምቢታ፣ ለያዘው ሰው ማረጋገጫ የሚሆን ብርቱ ቃል ነው፤ የሚለየው ያ ተሳቢ ምዕላድ ብቻ ነው።

6. ስም፣ እምቢታና ፈጻሚ አልባ ግሥ

የጥያቄው ተራ የማክበር ተራ ብቻ አይደለም፤ የመከልከልም ተራ ነው። ቤንጃሚን ኤደልማን፣ ማይክል ሉካና ዳን ስቪርስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት የአሜሪካ ከተሞች 6,400 ያህል ለሚሆኑ የኤርቢኤንቢ ማስታወቂያዎች ጥያቄ ልከው እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አሳትመዋል። ጥያቄዎቹ የሚለያዩት በጠያቂው ስም ነበር። የነጭ አሜሪካውያን ተብለው የሚታወቁ ስሞች የያዙ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ አዎንታዊ መልስ ሲያገኙ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ተብለው በሚታወቁ ስሞች የቀረቡት ያገኙት 42 በመቶ ገደማ ነበር፤ ይህም በንጽጽር 16 በመቶ ያህል ያነሰ ዕድል ማለት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ ያለ ጥያቄ የሚያዙ ቤቶችን ቁጥር ለማብዛት ቃል መግባት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የእንግዳው ፎቶግራፍ ለአከራዩ የሚታየው ጥያቄው ከተፈቀደ በኋላ እንዲሆን መወሰኑን አስታወቀ።

ለስም ጥናት ባለሙያ ይህ ግኝት ግልጽ ትምህርት ይሰጣል። ስም መጥሪያ ብቻ ሳይሆን ምልክትም ነው። በአፍሪካ ቀንድ አንድ ሙሉ ስም የጠያቂውን ሃይማኖት፣ ጾታ፣ ብዙ ጊዜም የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሳይናገር ይናገራል። የጥያቄው ተራ ይህን ምልክት ከውሳኔው በፊት ያስቀምጠዋል፤ ያለ ጥያቄ መያዝ ከውሳኔው በኋላ ያደርገዋል። በባዕድ አገር ማደሪያ ለሚፈልግ የዚህ አካባቢ ተወላጅ ልዩነቱ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የአማርኛ ሰዋስው ለእምቢታ ምቹ መሸፈኛ አለው። አከራይ «አላከራይህም» ማለት አይጠበቅበትም፤ «ተይዟል» ይበቃል። ተደራጊው ግሥ ፈጻሚውን ያስቀራል፣ ፊት አያጠቁርም፣ ምክንያትም አይጠይቅም። ይህ በጎ ፊቱ ነው፤ የትሕትና እምቢታ በሁሉም የአካባቢው ቋንቋዎች ይፈለጋልና። ሌላኛው ፊቱ ግን በማንነቱ የተከለከለው ሰው እንደተከለከለ እንኳ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ያለ ጥያቄ በሚያዝበት መንገድ «ተይዟል» የሚለው ቃል በአከራዩ አንደበት ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ላይ ስለሚነገር እውነት መሆን ግድ ይለዋል፤ ቀኑ ክፍት ከሆነ ይያዛል።

የአክብሮት ቅርጽም በዚህ ረገድ ሚና አለው። አማርኛ በሁለተኛ መደብ «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ጾታን ይለያል፤ ሥርዓቱ እንግዳውን በቅርብ ቅርጽ ለማነጋገር ከሆነ ጾታውን መጠየቅ ወይም ከስሙ መገመት ይኖርበታል። «እርስዎ» እና «ይያዙ» የሚለው የአክብሮት ትእዛዝ ግን ጾታን አይለዩም። ስለዚህ የአክብሮት ቅርጽ እዚህ ላይ ትሕትናን ብቻ ሳይሆን እኩልነትንም ያገለግላል። ስዋሂሊ በሁለተኛ መደብ ጾታ ስለማይለይ ይህ ችግር አይገጥመውም።

7. ቀድሞ የተጻፈ ፈቃድ፦ ሁኔታ፣ ሰዓትና ቀን

እስካሁን የታየው የእንግዳው ጥቅም ነው። የአከራዩም ስጋት በቂ መሠረት አለው። ልጆቿን ይዛ በምትኖርበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል የምታከራይ ሴት፣ ባዶውን አፓርታማ በወኪል ከሚያከራይ ባለሀብት ጋር እኩል ልትታይ አይገባም። እርሷ ቤቷን ብቻ ሳይሆን መጸዳጃዋን፣ በሯንና ሌሊቷን ታጋራለች። «ማን ነው የሚመጣው?» ብላ መጠየቋ አድልዎ ሳይሆን ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል። ያለ ጥያቄ የሚያዝበትን መንገድ ብትመርጥ ጥያቄዋ ሁሉ ወደ ጽሑፍ መለወጥ አለበት፦ «ሌሊት ከ4 ሰዓት በኋላ የግቢው በር ይዘጋል»፣ «በግቢው ውስጥ ሕፃናትና ውሻ አሉ»፣ «ከሁለት ሰው በላይ ከሆኑ አይያዙ»። ቁጥጥሯ ከመልስ ወደ «ከ…» እና «ካል…» ዐረፍተ ነገሮች ይሸጋገራል።

ጽሑፍ ግን የንግግርን አንድ ትልቅ ጸጋ ያጣል፤ ይኸውም ማረም ነው። በንግግር አንዱ ሲሳሳት ሌላው «የትኛው 3 ሰዓት?» ብሎ ያስተካክላል። የጥያቄው ተራ ሲቀር የማረሚያው ተራም አብሮ ይቀራል። በዚህ አካባቢ ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ከፍተኛ ነው። አማርኛም ሆነ ስዋሂሊ ሰዓትን ከንጋትና ከምሽት ስለሚቆጥሩ፣ በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» እንደ አማርኛው «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» በሌላው አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ በሦስት ሰዓት መግባት ይቻላል የሚል ደንብ በአማርኛ «ከ3 ሰዓት ጀምሮ» ተብሎ ቢተረጎም እንግዳው ስድስት ሰዓት ቀድሞ፣ ገና ያለፈው እንግዳ ሳይወጣ ከበር ይደርሳል። ትክክለኛው «ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ» ነው።

ቀንም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ልማድ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን በንጋት ነው። ዓርብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በአውሮፕላን የሚደርስ ሰው «ዓርብ» ብሎ ቢይዝ፣ የመግቢያ ሰዓቱ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ያህል ውጭ ይቆያል፤ መያዝ የነበረበት የሐሙስን ሌሊት ነው። አማርኛ ለዚህ «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» የሚል ጥርት ያለ አነጋገር አለው፤ በመድረኮች ቅጽ ላይ ግን ቦታ የለውም። የበዓል ቀንም ተመሳሳይ ወጥመድ አለበት። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ቀን ይውላል፤ በ2015 ዓ.ም. የዋለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2023 ሲሆን በ2016 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። ለጥምቀት ጎንደር ሊወርድ ቤት የሚይዝ ሰው ያለፈውን ዓመት ቀን ቢከተል አንድ ሌሊት ይጎድለዋል። አከራዩ ጥያቄውን ቢያይ ኖሮ «ለበዓሉ ከሆነ የሚቀጥለውን ሌሊትም ይያዙ» ባለው ነበር።

8. ሚዛኑ የት ላይ ነው?

ከላይ ከተነገረው የሚወጣው ሐሳብ አንዱን መንገድ መርጦ ሌላውን መጣል አይደለም። መለየት ያለበት የትኛው ፈቃድ አስቀድሞ ሊጻፍ እንደሚችል፣ የትኛውም በንግግር መቆየት እንዳለበት ነው። ሊቆጠርና ሊለካ የሚችል ነገር ሁሉ፣ ማለትም ቀን፣ ሰዓት፣ የሰው ቁጥር፣ የሌሊት ብዛት፣ ዋጋ፣ አስቀድሞ ሊጻፍ ይችላል፤ በጽሑፍ ሲሆን ለሁሉም እኩል ስለሚሠራ ለአድልዎ በር አይከፍትም። ሊቆጠር የማይችለው፣ ማለትም የዘገየ አውሮፕላን፣ የታመመ አዛውንት፣ የበዓል መደራረብ፣ ንግግር ይፈልጋል። ይህ ንግግር ግን ከመያዙ በፊት ሳይሆን ከተያዘ በኋላ ቢደረግ የእንግዳው ማደሪያ አደጋ ላይ አይወድቅም። አከራዩ ከእንግዳው ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር ከሆነ ደግሞ የጥያቄው መንገድ ክፍት መቆየቱ ተገቢ ነው፤ የምክንያቱ ዝርዝር ግን አስቀድሞ ይጻፍ፣ እምቢታም ከተጻፈው ምክንያት በአንዱ ይደገፍ።

ለስያሜ የሚሆኑ ሐሳቦች ከዚህ ይከተላሉ። «ፈጣን ማስያዝ» የሚለው ትርጉም ጉዳዩን ይስታል፤ ልዩነቱን የፍጥነት ያስመስለዋል፣ የፈቃዱን ነገር ግን ይደብቃል። አንድ አከራይ «ፈጣን» የሚለውን ሲመርጥ ለማያውቀው ሰው ሁሉ አስቀድሞ እንደፈቀደ ላያስተውል ይችላል። «በቅድመ ፈቃድ መያዝ» እና «ፈቃድ ጠይቆ ማስያዝ» የሚሉት ጥንድ ስያሜዎች ፈቃዱ መቼ እንደሚሰጥ ይናገራሉ፤ «መያዝ» እና «ማስያዝ» ደግሞ ድርጊቱ በማን እጅ እንደሚጠናቀቅ በምዕላዳቸው ይለያሉ። ለእንግዳው አዝራር «ይያዙ» እና «ይጠይቁ» ይበቃሉ። ለአከራዩ ግን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይገባል፦ «ደንቡን ያሟላ ማንኛውም እንግዳ እርስዎን ሳይጠይቅ እንዲይዝ ይፈቅዳሉ?» ይህን የመለሰ ሰው በኦስቲን አነጋገር ፈቅዷል፤ ምን እንደፈቀደም ያውቃል።

ባለቤት ለሚለው ቃልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሰዋስው የዐረፍተ ነገር ባለቤት፣ በሕግ የንብረት ባለቤት፣ በቤት ውስጥ የትዳር ጓደኛ ነው። ቤቱን የሚያከራየው ሰው ሁልጊዜ የንብረቱ ባለቤት አይደለም። «አስተናጋጅ» ደግሞ የምግብ ቤት አሳላፊን ያስታውሳል። «አከራይ» ስሜት የሌለው ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። እንግድነቱ እንዲታይ ከተፈለገ ከ«አደረ» የተገኘው «አሳዳሪ» ይታሰብ ነበር፤ ሆኖም ቃሉ ከጌታና ከሎሌ ዘመን የወረሰው ሌላ ትርጉም ስላለው ለዛሬ አይመችም። በአፋን ኦሮሞ «ኬሱማ» ከሚለው የእንግዳ ስም «ኬሱሜሱ» የሚል የማስተናገድ ግሥ በአስደራጊ ምዕላድ ይመሠረታል፤ አማርኛ የሚቀናበት ቅርጽ ነው።

9. ማጠቃለያ

ያለ ጥያቄ ቤት መያዝ ከንግግር ጥንድ ውስጥ አንዱን ተራ አንስቶ ወደ ቀድሞ ጊዜ ወስዶታል። በተነሣው ተራ ውስጥ ሦስት ነገሮች አብረው ይኖሩ ነበር፦ አክብሮት፣ ማረሚያና አድልዎ። ሦስተኛውን ማስቀረት ትልቅ ትርፍ ነው፤ ሁለቱ ግን በሌላ መንገድ መተካት አለባቸው፤ አክብሮቱ በአነጋገር ቅርጽ፣ ማረሚያውም ሰዓትንና ቀንን በማያሻማ ጽሑፍ። የአካባቢው ቋንቋዎች ለዚህ የሚበቃ ሀብት አላቸው። «ያዘ» እና «አስያዘ»፣ «ደረሰ» እና «ፈቀደ»፣ «ተይዟል» እና «ተይዞልዎታል» በየቦታቸው ከዋሉ፣ አከራይዋ ምን እንደፈቀደች አውቃ ትተኛለች፤ መንገደኛውም ማደሪያ እንዳለው አውቆ ይሳፈራል።